የማይሞቀው ሞተር

አባቴ በዚህ ዓለም ላይ እንደ ሞተራቸው የሚኮሩበት ነገር የለም። "የእኔ ማኪና አትሞቅም" ይላሉ፣ ሌላው ሰው ልጄ ዶክተር ሆነልኝ እንደሚለው። የኮሶዬን ዳገት ስትወጣ አትሞቅም፤ በሚያዝያ ፀሐይ አትሞቅም፤ ቤተሰቡን በሙሉና ሁለት ኩንታል ጤፍ ጭናም አትሞቅም። ዓይናቸው ደከም ብሎ መንዳት ሲያቆሙ መኪናዋን ለእኔ ሰጡኝ፤ ሲሰጡኝም የመረቁኝ በዚሁ ነበር። "ሸጋ ማኪና ናት፤ አታሳፍርሽም፤ ሞተሯ አይሞቅም።"

እውነት ነው፣ አይሞቅም። ችግሩ ውስጧ የተቀመጠውም ሰው አለመሞቁ ነው።

እኔ ጎንደር ነው የምኖረው፤ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ደምና ሽንት ስመረምር ያረጀሁ ሴት ነኝ። አባቴ ደባርቅ ናቸው፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን። ሳንባቸው ታሞ በየወሩ ጎንደር እየመጡ ሐኪም ያያቸዋል። ሚኒባስ ውስጥ ተጋፍተው መምጣት ስለማይችሉ፣ መንገዱ ክፍት በሆነበት ሳምንት እኔ ወጥቼ አድርና በማግስቱ ማለዳ ይዣቸው እወርዳለሁ። አገራችን የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር ናት የሚለው ሰው የደባርቅን ማለዳ አያውቀውም። ወይም ያውቀዋል፣ ግን ጋቢ ተከናንቦ ነው የሚዋሸው።

"በጥቅምት አንድ አጥንት" ይባል የለ? ባለፈው ጥቅምት ስናልፍ ኮሶዬ ላይ ጉም ገጠመን። የመኪናዋ የፊት መስታወት ከውስጥ ላብ አውጥቶ መንገዱ ጠፋኝ። በአንድ እጄ መሪ ይዤ በሌላው በጨርቅ እወለውላለሁ፤ አባቴ ከጎኔ እስከ ቅንድባቸው ተሸፋፍነው ይስላሉ። ሐኪሙ አይቷቸው "ብርድ እንዳያገኛቸው" ብሎ ገሠጸኝ፣ ብርዱን ገዝቼ ያመጣሁላቸው ይመስል። ደባርቅ ተመልሰው አልጋ ላይ ዋሉ። ሲሻላቸው ስልክ ደወሉና "ከእንግዲህ በዚያች ማኪና አልመጣም" አሉኝ። "ከሞትሁም እሳቴ ዳር ልሙት።" ሐኪም ቤቱ ቀረ ማለት መድኃኒቱ ቀረ ማለት ነው፤ መድኃኒቱ ሲቀር የሚሆነውን ለእኔ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልግም። ወይ የመኪናዋ ማሞቂያ፣ ሂተሩ፣ ይሠራል፣ ወይ አባቴን አጣለሁ።

የሚገርመው ይህን ያሉት እሳቸው መሆናቸው ነው። ልጆች ሆነን በዚያችው መኪና ስንጓዝ እናቴ ከጎናቸው ትቀመጥ ነበር፣ ጋቢ በነጠላ ላይ ደርባ። "ኧረ በረደኝ" ስትል አባቴ መንገዱን እያዩ "ብርድ የሰነፍ በሽታ ነው" ይሏት ነበር። እኛ ከኋላ እንስቃለን። እሷም ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ትስቃለች። ዛሬ ሰነፉ ማን እንደሆነ በስልክ ልጠይቃቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥ አደረግሁት።

መጀመሪያ የወሰድኳት ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ ጋራዥ ነው። መካኒኩ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ መጣ፣ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት "ነፋሱን የሚነፋው ሞተር ተቃጥሏል" አለ። በእኔ ሥራ ደም ሳይቀዳ በሽታ የሚናገር ሰው ባለሙያ አይባልም፣ ጠንቋይ ይባላል። ግን አባቴ ናቸውና እሺ አልኩ። ያረጀውን አውጥቶ ሌላ ገጠመ፣ ቁልፉን ጠመዘዘና በኩራት አየኝ።

"እትየ፣ ነፋሱ መጣ አይደል?"

"መጣ፤ ግን ከዳሽን ተራራ ነው እንዴ የመጣው?"

"ትንሽ ስትሄጅ ይሞቃል።"

ኮሶዬ ድረስ ወጥቼ ተመለስኩ። ድሮ ብርዱ በራሱ ጊዜ ነበር የሚገባው፤ አሁን በኤሌክትሪክ እየተነፋ ይገባልኝ ጀመር።

ቀጥሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ታናሽ ወንድሜ መጣ። እጁን ኪሱ ከትቶ ዙሪያዋን ዞረና "ጋዙ አልቆ ነው" ብሎ ፈረደ። ጋዝ የሚሞላው ለማቀዝቀዣው እንጂ ለማሞቂያው አይደለም ብዬ ብነግረው "ሲስተሙ አንድ ነው" አለኝ፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪው የሆንኩ ይመስል እያዘነልኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ወንድሜ ሁለቱም አለው፤ ወረቀቱንማ በፍሬም አስገብቶ ሳሎን ሰቅሎታል።

የጎረቤታችን ጡረተኛ ደግሞ በር ላይ ቆመው ሲሰሙ ቆዩና "ሂተር ለፈረንጅ አገር የተሠራ ነው፤ ነቅለሽ ጣይው" አሉኝ። ይኼ የመንደራችን ሊቃውንት ሁሉ የሚስማሙበት ጥበብ ነው። ያልገባህን ነገር ነቅለህ ጣል። ብዙ ነገር የጎደለን ለዚህ ይመስለኛል።

ሁሉም የሚያውቁትን ከነገሩኝ በኋላ፣ ማንም ያላደረገውን አደረግሁ፤ አየኋት። ስልኬ ላይ አንድ ጢማም ህንዳዊ በማይገባኝ እንግሊዝኛ ሲያስረዳ ደጋግሜ ሰምቼ አንድ ነገር ገባኝ። ሂተር የራሱ እሳት የለውም። ሞተሩ ካሞቀው ውሃ ተበድሮ ነው ሰውን የሚያሞቀው። ሞተሩ ራሱ ካልሞቀ ከማን ይበደራል? ያኔ ነው የሙቀት ጠቋሚዋ ትዝ ያለችኝ። ዳገትም ብወጣ ቁልቁለትም ብወርድ ከታች ተኝታ ነው የምትውለው። ስንት ዓመት ሙሉ ያመሰገንነው ጤና ለካ በሽታው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሯ አድሮ እንደቀዘቀዘ አስነሳኋትና ውሃውን ወደሚያቀዝቅዘው ራዲያተር የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ ያዝኩ። ደህና መኪና ሲሆን ሞተሩ እስኪግል ድረስ ውሃውን የሚያግድ ቴርሞስታት የሚባል ትንሽ በር አለ፤ በሩ እስኪከፈት ጎማው ቀዝቃዛ ነው። የእኔ ግን ከሞተሩ ጋር እኩል ለብ ማለት ጀመረ። ውሃው ገና ሳይሞቅ እየሄደ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። በሩ ወይ ተከፍቶ ቀርቷል፣ ወይ ጭራሽ የለም።

ወደዚያው ጋራዥ ተመልሼ በሩ የሚቀመጥበትን ቦታ እያሳየሁ "ይህችን ክፈታት" አልኩት። ስንጥሩ ዛሬም አፉ ውስጥ ነው። ከፈተው፤ ባዶ ነው። እኔ ብደነግጥ እሱ ምንም አልመሰለው።

"ታዲያ የለማ! ያወጣው ሰው አዋቂ ነው። እኛም የመጣውን ሁሉ እናወጣለታለን። ሞተር ያሞቃል።"

"ሊያሞቅ እኮ ነው የተሠራው!"

"እትየ፣ ኮሶዬ ላይ ስትፈላብሽ እንዳትደውይልኝ።"

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይኼ ነው። የሚፈላ ሞተር ሲመጣለት የቆሸሸውን ራዲያተር ማጠብ ሲገባው፣ በሩን ነቅሎ ይጥልና ባለመኪናው አመስግኖት ይሄዳል። እንዲያጥበው አስገደድኩት፤ ዝገት የጠጣ ቀይ ውሃ ወጣ። ቴርሞስታቱን ፒያሳ አካባቢ ካለ ሱቅ አግኝቼ አመጣሁለት፣ የስኒ አፍ የምታህል ናት። ሬሳ የሚቀብር ፊት እያሳየኝ ገጠማት።

ኮሶዬን ስወጣ ዓይኔ ከጠቋሚዋ አልተነቀለም። ከተኛችበት ተነሣች፣ ወጣች፣ ወጣች። ፈላች ብዬ ልቆም ስል መሃል ላይ ደርሳ ቀጥ አለች፤ ከዚያ ወዲያ አልነቃነቅ አለች። እግሬ ላይ ሙቀት መጣ። መኪና ውስጥ ብቻዬን ስለነበርኩ ያንን መካኒክ በሙሉ ድምፄ ሰደብኩት። እንዲህ ያለ ደስታ ካገኘሁ ቆይቼ ነበር።

አባቴ ግን በስልክ አላመኑኝም። ደባርቅ ወጥቼ አደርኩና በማግስቱ ማለዳ ሞተሯን አስነስቼ በራቸው ላይ አቆምኳት፤ "አባየ፣ አይሂዱ፣ ዝም ብለው ይቀመጡ" አልኳቸው። እያጉረመረሙ ገቡ። የተቀመጡት እናቴ ትቀመጥበት ከነበረው ወንበር ላይ ነው። መጀመሪያ ያዩት ጠቋሚዋን ነበር።

"ምነው! ሞተሯ ሞቀሳ! አበላሸሻት እኮ አንች!"

ሙቀቱን ከፈትኩላቸው። ነፋሱ ፊታቸውን ሲነካው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ይውረዱም አላልኳቸው፣ እሳቸውም አልወረዱም፤ በሩን ዘግቼ ነዳሁ።

ዳባትን ስናልፍ ጋቢያቸውን ከራሳቸው አወረዱ። አልሳሉም። መስታወቱ ጥርት ብሏል። እኔ ደግሞ ድል ሲገኝ አፌ አያርፍም። ስለ መካኒኩ፣ ስለ ጋዙ፣ ስለ ጎረቤታችን አንድ በአንድ አወራሁላቸው። "ከሁሉ ከሁሉ" አልኩ፣ "ያችን ዕቃ መጀመሪያ አውጥቶ የጣላትን ሰው ባገኘው! ምን ዓይነት አህያ ነው? አህያስ ይሸከማል፤ ይኼ ምን ይባላል?"

እሳቸው መንገዱን ነው የሚያዩት። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ጋቢያቸውን መልሰው ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

"እኔ ነኝ" አሉ።

"ምኑን?"

"የጣልሁት። አንድ የከባድ ማኪና ሹፌር ሞተር ያሞቅብሃል፣ አውጣው አለኝ። በእጄ ፈትቸ ገደል ወረወርኋት። አንች ገና ጡት አልጣልሽም ነበር።"

ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ በእኛ ቤት አባት አህያ አይባልም። ግን አልጠየቅኩም። ንቀቴን ለመካኒኩም ለወንድሜም ሳከፋፍል ከርሜ ዋናው ባለቤት ከጎኔ ተገኘ፤ ሽማግሌ ስለሆነ፣ ስለሚያመው፣ አባቴ ስለሆነ ብዬ ልተወው ብሞክር ንቀቴ አልተውሽ አለኝ። ጡት ከመጣሌ በፊት ጀምሮ፣ እናቴ እስክትሞት ድረስ፣ ያንን ሁሉ መንገድ፣ ያንን ሁሉ ጥቅምት።

ኮሶዬ ላይ ጉሙ ጠበቀን። አባቴ ሁለት እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው ነፋሱ የሚወጣበት ላይ ዘረጉ፣ ምድጃ ዳር እንደተቀመጠ ሰው።

"እናትሽን ይበርዳት ነበር" አሉ።

የጠበቁትን አውቃለሁ። "ያለፈ ነው አባየ፣ እርስዎ ምን ያውቃሉ" እንድላቸው ነው። ሌላ ልጅ ትለው ይሆናል።

"አዎ" አልኳቸው። "ይበርዳት ነበር።"

ጎንደር እስክንገባ እጃቸውን ከዚያ አላነሱም።