ጾም የያዘችው ዓሣ

ይህ የሆነው በቅርቡ፣ ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ የገቡ ጊዜ ነው። ዓሣ ጠብሼ የማድር ሴት ስለሆንኩ መጥበሻ በጣድኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ እንባዬ ይመጣል።

ቤቴ ሐይቅ ከተማ ነው። ዓረብ አገር ሳለሁ እሠራበት የነበረው ቤት ሳሎን ውስጥ ዓሣ የሚዋኝበት ትልቅ መስታወት ነበር። መስታወቱን የምወለውለው እኔ ነበርኩ፤ ዓሦቹን የሚያበላው ግን ሌላ ሰው ነው። እሱን ረስቼ ነው እንግዲህ፣ አገሬ ገብቼ ዓሣ ቤቴን ስከፍት እኔም እንደዚያ ይኑረኝ ያልኩት። መስኮት የሚገጥም ሰው መስታወት አጣብቆ ሠራልኝ። ከአስጋሪዎች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሁለት ትንንሽ ከነሕይወታቸው ተቀብዬ ከተትኩበት። አንዷ ሴት፣ አንዱ ወንድ መሆናቸውን እንኳ አላውቅም።

ከተማው ሳቀብኝ። ባሌ ሰኢድ ባጃጅ ነው የሚነዳው፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሐይቁ ጠቧችሁ ነው ወይ እያለ ሲያበሽቀው ይውላል። ደንበኛው ደግሞ ገብቶ በጣቱ እየጠቆመ ያችን ጥበሽልኝ ይለኛል። እኔ ግትር ነኝ፤ በሳቁብኝ ቁጥር መስታወቱን የባሰ ነው የምወለውለው።

ረመዳን ከገባ ከጥቂት ቀን በኋላ አንዷ መብላት አቆመች። ፍርፋሪ ብጥልላት ዞር ብላ አታይም። ጎረቤቴ እትዬ አሰገደች መጥተው አዩዋት። ሁዳዴን አጉድለው የማያውቁ ክርስቲያን ናቸው። ጾም ይዛ ነዋ፣ አሉ።

የማንን ጾም? እዚህ ላይ ተከራከርን። ማታ አዛን ሲል ብሰጣት እምቢ አለች፤ ስለዚህ የእኛን አይደለም። እትዬ አሰገደች ከቅዳሴ መልስ ከራሳቸው እንጀራ ቆርሰው ቢጥሉላት አሁንም እምቢ፤ የእነሱንም አይደለም። ዓሣ ሊበላ የመጣው ሁሉ ሁለት ተከፍሎ ይሟገት ጀመር።

ከዚያ ጉሮሮዋ አበጠ። ያኔ ሳቁ ቀረ። ሰኢድ እንጥሏ ወርዶ ነው አለ፤ የዓሣ እንጥል የሚቆርጥ ደግሞ ከየት ይመጣል? እትዬ አሰገደች ውሃው ላይ ጸበል ጠብ አደረጉላት። እኔም ዱዓ አደረግኩላት። ብትሞትብኝ ከተማው ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም፣ ወድጃት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ሳይ መስታወቱ ውስጥ አንዳች ነገር ተበትኗል። ቆሻሻ መስሎኝ ጠጋ ስል ዓይን አላቸው። ልጆች ናቸው፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ፣ እናታቸው አጠገብ ይርመሰመሳሉ። እትዬ አሰገደችን ጠራኋቸው። መጥተው እልል አሉ። ሁለታችንም በደንብ ለማየት መስታወቱ ላይ አጎነበስን።

ይኼኔ ያቺ አፏን ዘግታ የከረመች ጉድ አፏን በሰፊው ከፈተችና ልጆቿን ጥርግ አድርጋ አስገባቻቸው። አንድ አላስቀረችም።

‹‹በልጆቿ አፈጠረች!›› አልኩ። እትዬ አሰገደች አማተቡ።

ወላሂ እንዲያ ተናድጄ አላውቅም። ያን ሁሉ ዱዓ ያደረግኩት ለዚህች ነው? ለኢፍጣር እጠብሳታለሁ ብዬ ተነሳሁ። እትዬ አሰገደችም እኔ ባልበላትም ይገባታል ብለው ፈረዱ። ዘይቱን ጣድኩ። በዱቄት ወንፊት አፍሼ ሳፋ ውሃ ውስጥ ጣልኳትና ጀርባዬን ሰጥቻት ቢላዬን መሳል ያዝኩ።

ዞር ስል ልጆቹ በሙሉ ሳፋው ውስጥ ይዋኛሉ።

ቢላዬን እንደያዝኩ ቀረብኩ። አፏን ከፈተች፣ ተሯሩጠው ገቡ። ወደ ኋላ አልኩ። ወጡ። ደግሜ ቀረብኩ። ገቡ።

‹‹ዘሃራ›› አሉ እትዬ አሰገደች ቀስ ብለው፣ ‹‹ከአንቺ እየደበቀቻቸው ነው።››

ሳፋው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ለካ ያን ሁሉ ቀን ያልበላችው አፏ ልጅ ሞልቶት ነው። ብትውጥ ልጆቿን ነው የምትውጠው። እኛ እዚህ ስለ ጾም እንሟገታለን! ቢላውን ወዲያ ወረወርኩና ‹‹አፉ በይኝ›› አልኳት። ለዓሣ አልቅሻለሁ፣ አላፍርም።

ያን ቀን ሰኢድ በቴምርና በሾርባ አፈጠረ። ዘይቱ ሸቶት ዓሣው የት አለ ቢለኝ ወልዳለች አልኩት። አተኩሮ አየኝና ሾርባውን ጠጣ።

ወደ መስታወቱ ከመለስኳቸው በኋላ አባትየው ልጆቹን ሲያሳድድ ስላየሁት ወደ ሐይቁ አሰናበትኩት። የልጆቹን ቀለብ የቻሉት እትዬ አሰገደች ናቸው። ዶሮዎቻቸው በሁዳዴ የሚጥሉትን እንቁላል የሚበላው ስለሌለ ቀቅለው ያመጡና አስኳሉን በጣታቸው እያደቀቁ ይበትኑላቸዋል። እጃቸው እንቁላል እንቁላል እየሸተተ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጭንቅ ሆኖባቸው በሳሙና ሲፈትጉ አይቼ ስቄባቸዋለሁ። ልጆቹ ሲያድጉ ከነእናታቸው በባልዲ አድርገን፣ በሰኢድ ባጃጅ ሐይቁ ዳር ወስደን ለቀቅናቸው። ሰኢድ ሙሽራ የጫነ ይመስል ነበር የሚነዳው።

ዛሬም ዓሣ እጠብሳለሁ፣ እንጀራዬ ነው። አስጋሪዎቹ ሆዱን ጠርገው ነው የሚያመጡልኝ። እኔ ግን ዘይት ውስጥ ከመክተቴ በፊት የእያንዳንዱን አፍ ከፍቼ አያለሁ። ደንበኛው ይስቃል፣ ሰኢድም ይስቃል። ባዶ መሆኑን አውቃለሁ። ሳላይ ግን እጄ እሺ አይለኝም።