ጃንጥላው ከኋላቸው ነበር

ታሪክ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ተማሪዎቼን የምሸኛቸው በአንድ ቃል ነበር፦ «መጽሐፍ ሊዋሽ ይችላል፣ ፊልም ግን አይዋሽም።» የድሮ የጦርነትና የዲፕሎማሲ ፊልሞች የተቀዱባቸው ዲስኮች ነበሩኝ። ቴሌቪዥን አስጎትቼ ክፍል አመጣና አሳያቸዋለሁ፤ ጄኔቫ መድረክ ላይ የሚሟገቱ መልእክተኞች፣ ወደ ኮሪያ ለመዝመት መርከብ የሚሳፈሩ ወታደሮች፣ ውል ፈርመው እየተጨባበጡ ለካሜራ ፈገግ የሚሉ ባለኮፍያዎች። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። እኔም አብሬያቸው አፌን እከፍታለሁ። ስለዚህ ኋላ የደረሰብንን ነገር ግማሹን ያመጣሁት እኔው ነኝ።

ባለፈው ዓመት ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ፣ አሁን እሱም የታሪክ መምህር ሆኗል፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በእኛ ደጋ የተቀረጸ ፊልም ከአንድ የውጭ አገር የፊልም ማኅደር አገኘ። የከተማችን ላይኛው ሰፈር ሴቻ፣ አዳራሽ ውስጥ ለሕዝብ ሊያሳየው ቀን ቆረጠና ለማስታወቂያ ብሎ ቁራጩን በስልክ ለቀቀው። ቁራጩ አንድ ደቂቃ አይሞላም። መጀመሪያ አንድ ነጭ መኮንን፣ ባለመስመር ጃንጥላ ተተክሎለት፣ ጠረጴዛ ይዞ ተቀምጧል፤ ከጎኑ መትረየስ አለ። ቀጥሎ ሰባት ሽማግሌዎች ተንበርክከው ይታያሉ። ከዚያ እንደገና መኮንኑ መጥቶ ራሱን ይነቀንቃል። ተራኪው በጣሊያንኛ ይለፈልፋል፤ ከሥሩ ተማሪዬ በአማርኛ ተርጉሞ ጽፎበታል፦ «የጋሞ ባላባቶች ተንበርክከው ገቡ።»

ከሰባቱ የፊተኛው አያቴ ነው።

ይህን ያወቀው አባቴ ነው። እሁድ ከአምልኮ ሲወጡ አንዱ ስልኩን ዓይኑ ሥር ደቀነለትና «ይሄ የእርስዎ አባት አይደሉ እንዴ?» አለው። አባቴ ዘጠና ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ዓይኑ ግን ደህና ነው። ግራ ትከሻው የወረደውን ሰው ሲያይ አወቀው። አያቴ በጎልማሳነቱ የቀርከሃ ቤት ሲከድን ወድቆ ነበር ትከሻው እንዲያ የቀረው።

አባቴ ከከተማው በታች ባለችው በቆላዋ ጫኖ ከሙዙና ከማንጎው ጋር ይኖራል። ዋናው ሥራው ግን ማስታረቅ ነው። እኛ ጋ ሰው ከሰው ተጋጭቶ ዱላ ሲነሳ፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው መሀል ገብተው ይንበረከካሉ። ያንን ሳር የሚሻገር የለም። የተቆጣው ሰው እያለቀሰም፣ እየተሳደበም ቢሆን ይመለሳል። አባቴ በዚያ ጉልበቱ ስንት ደም እንዳስቀረ ጫኖ ያውቃል።

በዚያው ሳምንት ሁለት ጎረቤታሞች በመስኖ ውሃ ተራ ተጣሉና ዘመድ ሊጠራው መጣ። አባቴ እንደ ተቀመጠ መለሰው።

«የባንዳ ልጅ ሳር ቢይዝ ማን ይመለስለታል?» አለ። «ሌላ ሰው ፈልጉ።»

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ሚኒባስ ይዤ ሴቻ ወጣሁና ተማሪዬን ቢሮው አገኘሁት። ጨዋ ልጅ ነው፤ ተነስቶ ወንበር ሳበልኝ።

«ያቺን ጽሑፍ አውጣት» አልኩት።

«ቲቸር፣ እንዴት አድርጌ? ተራኪው ያለውን ነው የተረጎምኩት። ምንጭ አይነካም።»

«ያንን የተናገረው ሰው እኮ እኛን ሊገዛ የመጣ ሰው ነው!»

«ንግግሩስ እሺ፣ ምስሉስ? ተንበርክከዋል እኮ።» ከዚያ ፈራ ተባ እያለ ጨመረ፤ «ፊልም አይዋሽም ብለው ያስተማሩን ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል የአገሬ ሰው። እኔ ያን ቀን የተናገርኩት ድራሹ ቢጠፋልኝ ሻማ አበራ ነበር። ፊልሙን በፍላሽ ገልብጦ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት፣ ሰጠኝ።

ሦስት ቀን ላፕቶፕ ላይ ተተከልኩ። እያቆምኩ፣ እየመለስኩ። መጀመሪያ የገባኝ በእጃቸው የያዙት ነው። እኔ ጭራ መስሎኝ ነበር፤ ጥቁርና ነጭ ፊልም አረንጓዴውን ሁሉ ግራጫ ያደርገዋል። ሳር ነበር። ያም ሆኖ አልበቃኝም፤ ሳር ይዞ ለጣሊያን የሚንበረከክም ሰው ሊኖር ይችላል። በሦስተኛው ቀን ነው የሽማግሌዎቹን ፊት ትቼ ከጀርባቸው ያለውን ማየት የጀመርኩት። በስተግራ ጥግ፣ ከትከሻቸው በላይ፣ ጃንጥላው አለ። ያው ባለመስመሩ። መኮንኑ የተቀመጠው ከኋላቸው ነው! ፊልሙን የቆራረጠው ሰው መኮንኑን አንዴ ከእነሱ ምስል በፊት፣ አንዴ ከእነሱ ምስል በኋላ እየቀጠለ ለእሱ የተንበረከኩ አስመሰላቸው እንጂ፣ እነሱስ ጀርባቸውን ነበር የሰጡት። ብቻዬን ቤት ውስጥ እልል አልኩ። አላፍርበትም።

ላፕቶፑን አቅፌ ጫኖ ወረድኩ። አባቴ ምስሉ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ታዲያ ለማን ነው?» አልኩት። «ፊት ለፊታቸው የቆመው አይታይም።»

«ሽማግሌ የሚንበረከከው ሊሰማው ለሚችል ሰው ነው» አለ። «ልጆቻቸው ናቸው። ጦር ይዘው መትረየስ ላይ ሊማገዱ የመጡ ልጆች።» ጣቱን ከምስሉ ላይ አነሳ። «እኔ ደግሞ አባቴን ጠረጠርኩት።»

እርግጡን ማን ያውቃል፤ ልጆቹ ፊልሙ ውስጥ የሉም። ጃንጥላው ግን አለ። ተማሪዬ ጋ ተመልሼ አሳየሁት። አየ፣ ጭንቅላቱን አከከ፣ «የሚገርም ነው፣ ቲቸር» አለ። ግን እሱ እንደሚለው ጥሪው ተበትኗል፣ እንግዶች ይመጣሉ፣ ፊልሙ እንዳለ ይታይና በመጨረሻ በውይይቱ ሰዓት አምስት ደቂቃ ይሰጠኛል። አምስት ደቂቃ! አያቴን ለማንሳት።

ፊልሙ በሚታይበት ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ ኮቱን ደርቦ፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ከመስኖው ዳር ያጨደው ሳር ነበር፤ ውሃው ይንጠባጠባል። የሚኒባሱ ሾፌር በመስታወት አየውና «አባባ፣ በሬውስ የት አለ?» አለው።

«አዳራሽ ውስጥ እየጠበቀኝ ነው» አለ አባቴ። ከዚያች እሁድ ወዲህ ሲቀልድ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

የአዳራሹ ዋና በር ከስክሪኑ አጠገብ ነው። እኛ ከፊት ተቀመጥን። እኔ የአምስት ደቂቃዬን ወረቀት ጭኔ ላይ አድርጌ ደጋግሜ አነባለሁ። መብራት ጠፋ። መኮንኑ መጣ፤ ጃንጥላው፣ ጠረጴዛው። ተራኪው መለፍለፍ እንደ ጀመረ አባቴ ብድግ አለ። ሊወጣ መስሎኝ ኮቱን ያዝኩት፤ እጄን ገፋው። ስክሪኑ ሥር፣ በሩ ፊት ሄዶ፣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ፣ ሳሩን በሁለት እጁ ይዞ ተንበረከከ። አያቴና ጓደኞቹ ስክሪኑ ላይ፣ ከራሱ በላይ ነበሩ።

ተማሪዬ ከኋላ እየሮጠ መጣ። ሳሩ ጋ ሁለት እርምጃ ሲቀረው እግሩ ተገታ። እሱም የጋሞ ልጅ ነው።

«አባባ፣ እባክዎ ይነሱ» አለ።

«መጀመሪያ አንተ ያቺን ቃል አንሳት።»

ፊት ወንበር ላይ ከወደ ሰሜን መጥተው እኛ ጋ ያረጁ አንድ ጡረተኛ ባለሥልጣን ነበሩ። ግራ ገብቷቸው፣ በአክብሮት ጠየቁት፤ «አባቴ፣ ለማን ነው የሚንበረከኩት?»

በዚያው ቅጽበት ስክሪኑ ላይ መኮንኑ ተመልሶ መጣ፤ ከአባቴ ጀርባ ተቀምጦ ራሱን ነቀነቀ።

«ለእናንተ» አለ አባቴ። ወደ ኋላው ዞር እንኳ አላለም፤ በአውራ ጣቱ ብቻ አመለከተ። «ለዚያኛው መሰለዎት?»

 ወረቀቴን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩት፤ ከዚህ በላይ ምን ልናገር?  ተማሪዬ ተመልሶ ሄደ፤ የፊልሙን ድምፅ ዘጋ፣ ጽሑፉን አጠፋ። አባቴ ግን አሁንም አልነሳም አለ። ፊልሙ ከመጀመሪያው ያለ ተራኪ ተደግሞ እስኪያልቅ ጉልበቱ ላይ ቆየ። ሲነሳ እጄን ዘረጋሁለት፤ አልያዘውም።

ሳሩን እዚያው በሩ ፊት መሬት ላይ ተወው። ወደ ዋናው በር ለመውጣት ያንን ሳር መሻገር ያስፈልግ ነበር። አንድም ሰው አልሞከረውም። እንግዶቹ፣ ጡረተኛውም፣ ተማሪዬም፣ በኋለኛዋ ጠባብ በር አንድ በአንድ ወጡ።