የማይፈታው ፓራፋንጎ

የሞተር ሥራ ማንም አላስተማረኝም። በሰፈራ ጋምቤላ የገባን ገበሬዎች ነን፤ አባቴ ማሳ ሲያርስ እኔ የተበላሸ ሞተር ሳይክል እየፈታሁ ስገጥም አደግኩ። ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን ከተማው ውስጥ እንደኔ ያለ እጅ አልነበረም። ነበረ የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ!

ከጨረታ የገዛኋት አንዲት የገጠር ሞተር ነበረችኝ። መጽሔት ላይ የውድድር ሞተር ካየሁ በኋላ ግን እሷን ማየት አስጠላኝ። ስደተኞች ጋ የሚሠራ አንድ ፈረንጅ ነበር፤ ለእረፍት አገሩ ሲሄድ ለምኜ ለምኜ የካርቦን ፋይበር ልብስ አስመጣሁላት፤ የግራና የቀኝ መሸፈኛ፣ የፊት ፓራፋንጎ። ጥቁር፣ እንደ ጨርቅ የተሸመነ፣ በአንድ ጣት የሚነሳ። ላየው ሁሉ "በመዶሻ ብትመታው አይሰበርም!" እላለሁ። የድሮውን የቆርቆሮ ጭቃ መከላከያ ጥግ ወርውሬ አዲሱን ጎማው ላይ ልጥፍ አደረግኩት። ሌባ እንዳይፈታው ደግሞ ቡሎኑን ትቼ በሪቬት፣ አንዴ ከተመታ በመፍቻ በማይፈታ ምስማር፣ መታሁት። የባሮን ድልድይ ስሻገር ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። እኔም ዞሬ አያለሁ፣ ማየታቸውን ላረጋግጥ።

አንድ አኙዋክ ጓደኛ አለኝ፣ መምህር ነው። ክረምት ላይ በጠዋት መጣ። እናቱ ከኢታንግ ወዲያ ባለው መንደር ታማ "ቶሎ ይድረስልኝ" ብላ ልካበታለች። መኪና የለም።

"ሞተርህን ስጠኝ፣ ወንድሜ።"

"ውሰድ! እሷ ትበራለች እንጂ መች ትሄዳለች!"

ጎንበስ ብሎ በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ጣቱን ሊያስገባ ሞከረ። አልገባም።

"ጭቃው በየት ይወጣል? የድሮውን ግጠምልኝ።"

"ያንን ቆርቆሮ? ይሄን ውበት አውልቄ? ባክህ ሂድ፣ እናትህ ስታይህ ተነስታ ነው የምትጨፍረው!"

ሳቀ። እኔ ስቀልድ ሁሌም ይስቃል። የድሮውን ለመመለስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም ነበር።

ከከተማ ወጣ እንዳለ ያ ጥቁር ጭቃ ፓራፋንጎው ሥር ገብቶ ተጠቀጠቀ፤ ጎማው ቀጥ አለ። በእንጨት ጎርጉሮ ጥቂት ይሄዳል፣ መልሶ ይቆማል። ልፍታው ቢል ሪቬት ነው። ልስበረው ቢል አልሰበር አለው። መጨረሻ ላይ ሞተሯን መንገድ ዳር ላለ ቤት አደራ ሰጥቶ በእግሩ ሄደ። በማግስቱ ሲደርስ ቀብረዋታል።

በሳምንቱ ሞተሯን አጥቦ፣ እየገፋ አመጣልኝ።

"'መጣ ወይ?' እያለች ትጠይቅ ነበር አሉኝ" አለ። ከዚያ ፓራፋንጎውን ዳበስ አደረገና፣ "ጠንካራ ነው፤ እንዳልከው ነው" አለኝ።

ሊያሽሟጥጠኝ ብሎ አይደለም። ምነው በሰደበኝ!

የዚያኑ ቀን ሪቬቱን ሰርስሬ አውጥቼ ቆርቆሮውን መለስኩ። ለማን እንደመለስኩት እንጃ። እሱ ዛሬም ጓደኛዬ ነው፤ ቀልዴን ይሰማል፣ ይስቃል። ኢታንግ መሄድ ሲፈልግ ግን ቆሞ መኪና ይጠብቃል። እኔም በዚያ ሳልፍ አየዋለሁ። "ና፣ ሞተሯን ውሰድ" ልለው እፈልጋለሁ፤ ይሄ ሲለፈልፍ የሚውል አፌ እዚያች ቦታ ላይ ይያዛል።