ለሳሪሱ በርገር ቤት የቀመስኩት ዳጣ

አቃቂ ታክሲ ተራው አጠገብ እርጥብ መሸጥ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዳቦው መሃሉ ይሰነጠቃል፣ የተጠበሰ ድንች ይጠቀጠቅበታል፣ ከላይ የኔ ዳጣ ይለቀለቅበታል። ሌላው ነጋዴ ሁዳዴ ሲገባ ፊቱ ይጠቁራል፤ የኔ ግን ያን ጊዜ ነው የሚፈካው።

ስለዚህ የውጭ አገሩ በርገር ቤት ሳሪስ ላይ ሲከፈት አልደነገጥኩም። ያንገበገበኝ ልጄ እዚያ መቀጠሯ ነው። እኔ ጋ ድንች መላጥ ሞት የሚመስላት ልጅ፣ ለእነሱ ሲሆን ቀይ ኮፍያዋን አድርጋ በጠዋት ትሮጣለች። ቀናሁ፤ ምን እደብቃለሁ። ሁዳዴ ይምጣና እናያለን እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ሁዳዴ መጣ። የጾም በርገር ብለው ሰላጣና ቲማቲም በዳቦ አቀረቡ፤ ያውም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ። ጾመኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል እንደማይቀምስ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ልጄ ማንም አልገባም ብላ ስታወራልኝ ፊቴን አዙሬ ሳቅሁ።

የነገረቻቸው ራሷ ሆነች። ሰዓቱን ወደ ዘጠኝ አዛወሩት። ድንች በዳጣ ይሁን ስትላቸውም ፈረንጆቹ አለቆቿ ሠርተሽ አስቀምሺን አሏት። ይህን ስትነግረኝ ፊቷ በርቶ ነበር። የኔን እርጥብ መውሰዷ እንኳ ትዝ ያላት አይመስልም። እኔን አንድ ቀን ዳጣሽ ይጣፍጣል ብላኝ አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ዳጣውን እኛው ቤት አዘጋጀችው። እሷ ጾመኛ ናት፣ አትቀምስም። እኔ ደግሞ የጨጓራ መድኃኒት ስለምወስድ የንስሐ አባቴ በጠዋት እንድበላ ፈቅደውልኛል። በማንኪያ ቆንጥራ መዳፌ ላይ አደረገችልኝ።

«እማዬ፣ አንቺ ካሳለፍሽው ማንም አይጥለውም» አለችኝ።

ላስኩት። ቃሪያው ልክ፣ በሶብላው ልክ፣ ጨው ልክ። ከኔ ይበልጣል። ሃያ ዓመት ስፈጭ ያላገኘሁትን ጣዕም ልጄ ለሰው ቤት በአንድ ጠዋት አገኘችው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

«ጨው ይቀረዋል» አልኳት።

ጨመረች። ዓይን ዓይኔን ታያለች። አሁንም ትንሽ አልኳት፤ ጨመረች። ከዚያ ክዳኑን ገጥማ፣ ሳትቀምስ፣ በኔ ምላስ ተማምና ሄደች።

ያለ ሰዓቷ ተመለሰች። አለቆቿ አንድ ጊዜ ጎርሰው ውሃ ውሃ ብለዋል፤ የጾሙን ምግብ ሥራም ለሌላ ሠራተኛ ሰጥተው እሷን ለዛሬ ወደ ቤት ልከዋታል። እናቴ ናት የቀመሰችው አላለችም። ሳልቀምስ ነው ያመጣሁት፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ነው የወጣችው። አሁን ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትጮኽብኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን ኮፍያዋን እንኳ ሳታወልቅ አጠገቤ ቁጭ ብላ እጄን ያዘችው።

«እማዬ፣ መድኃኒቱ ምላስሽን አበላሽቶት እንዳይሆን ፈራሁ። ነገ ከሥራ አስፈቅጄ ሐኪም ጋ ልውሰድሽ?»

«ሳይሆን አይቀርም፣ ውሰጂኝ» አልኳት።