በጭስ የተቆጠረ ወረዳ

ይህን ስጽፍ በእጄ ያለው አንድ የመስመር ደብተር ነው። ጠርዙን ምስጥ በልቶታል፤ በአንዳንድ ገጽም ቀለሙን ውሃ ወስዶታል። በደብተሩ የሰፈረውን እንደ ምስክር እቀበላለሁ። የቀረው ከትዝታዬ የወጣ ነው፤ ትዝታዬም ሲያሳስተኝ ብዙ ጊዜ ይዤዋለሁ። የሰዎቹን ንግግር ቃል በቃል አስታውሳለሁ ብዬ አልምልም።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ጎንደር ውስጥ ጸሐፊ ሳለሁ የከተማውንና የአንድ ደጋ ወረዳን አቀማመጥና የሕዝብ ብዛት እንድመዘግብ ታዘዝሁ። ቆላ ወርደው የሚመለሱ አጫጆች የሚይዛቸው ንዳድ በደጋው ሰው ይጨርስ ነበርና፣ ኪኒን የሚታደለው በዚሁ መዝገብ መሠረት ነበር።

በከተማው በር እያንኳኳሁ፣ የቆጠርሁትን ቤት በጠመኔ እያመለከትሁ እስከ አዘዞ መንገድ ደረስሁ። ያስቸገረኝ ቅዳሜ ብቻ ነበር፤ ለገበያ የመጣ የገጠር ዘመድ በየቤቱ ስለሚያድር የከተማው ሰው የቱ እንደሆነ መለየት ያዳግት ነበር።

በደጋው ግን ቤትና ቤት በገደል ይለያያል። ከድብ ባሕር በላይ ባለ ሸንተረር ላይ የመንደሩ ጭቃ ሹም፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ በማለዳ አቁመውኝ በዱላቸው ያመለክቱ ጀመር።

«ይኸው ጌታው፤ አንድ ጭስ፣ ሁለት ጭስ። ጭስ ካለ ሰው አለ።»

ውሃ ቀድታ የምትመለስ ሴት ቆም ብላ ሳቀች። «ምነው እንደ ፍየል የሚቆጥረን? ሊሸጠን ነው?»

«አንቺን ደግሞ ማን ይገዛሻል! እለፊ» አሏት ጭቃ ሹሙ።

«ሸጋ ዋጋ ካወጣሁ ላንተም አካፍልሃለሁ፣ አያ!» ብላ ወረደች።

ከገደሉ ማዶ ለብቻዋ የቆመች ቤት ነበረች። ጭስ አልወጣባትም።

«ያቺስ?» አልኋቸው።

«ባዶ ናት። ባልና ሚስት ልጃቸውን ይዘው ለአጨዳ ቆላ፣ ዛሪማ ወርደዋል፤ አልተመለሱም።»

«ተሻግረን ብናያት?»

«ወርዶ መውጣቱ እስከ ቀትር ይፈጃል። በቅሎዎም ተገጥባለች። እንደ ፈቀዱ።»

አልተሻገርሁም። በደብተሩ «ባዶ» ተብሎ ተጽፏል፤ ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

ኪኒን ይዘው የሄዱት ሰዎች በመዝገቡ ሰው አለባቸው የተባሉትን ቤቶች ብቻ አዳርሰው ተመለሱ። ከወራት በኋላ ጭቃ ሹሙ ለርስት ሙግት ጎንደር መጥተው ቢሮዬ ገቡ። ይቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም።

«የማዶዋ ቤት ሰዎች ተመልሰው ኖሯል፣ ጌታው። ሦስቱም በንዳድ ወድቀው እሳት የሚያነድ አልነበረም። ያወቅነው ጅብ ቤቱን ሲዞር አይተን ነው። ባንድ ቀን ቀበርናቸው።» ቀጥለውም፣ «እባክዎ፣ ሦስት ነፍስ ብለው ይጻፉልኝ፤ ባዶ አይበሉ» አሉኝ።

መዝገቡ ወደ በላይ ተልኳል አልኋቸው። እውነት ነበር። ይሁን እንጂ የእርማት ደብዳቤ መጻፍ እችል ነበር፤ አልጻፍሁም።

ቤተሰቡ ከዚያ ማለዳ በፊት ተመልሶ እንደሆነ ወይም በኋላ፣ ጭቃ ሹሙም አያውቁም ነበር። በኋላ ከሆነ፣ ስጽፍ ቤቱ በእርግጥ ባዶ ነበር። ነገር ግን በማዶው አጥር ላይ ነጭ ነጠላ ተዘርግቶ ያየሁ ይመስለኛል። በደብተሩ ስለ ነጠላ የተጻፈ ነገር የለም፤ በዚያው ገጽ ያለው «ጉም ነበር» የሚል ነው። ያየሁት ነጠላ ይሁን ጉም እስከ ዛሬ ማረጋገጥ አልቻልሁም።