ኮርቻው ባዶ የሆነው ፈረስ

ዛሬ ሙዚየም ውስጥ አንድ ሥዕል ፊት መቆም አቃተኝ። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ አንድ ቦታ አልረጋም።

የሥነ ጥበብ መምህራችን «አንድ ሥዕል ምረጡና አምስት ደቂቃ ቁሙ፤ ሰውነታችሁንም አዳምጡ» አሉን። (አምስት ደቂቃ እንዲህ እንደሚረዝም አላውቅም ነበር።)

የእኔ ሥዕል ያጌጠ ፈረስ ነው፤ ኮርቻው ላይ ሰው የለም።

ጓደኛዬ ጌትነት «ሠዓሊው ቀለም አለቀበት እንዴ፣ ጋላቢውን የተወው?» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ አለ። ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ወጥቷል።

መምህር ቀረብ ብለው «እጅህንስ አየኸው?» አሉኝ። ቀኝ እጄ ተጨብጦ ጥፍሬ መዳፌን ወግቶታል።

በእኛ አገር ጋላቢ ሲሞት ፈረሱ አጊጦ፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ ለቅሶ ይወጣል። የወንድሜን ፈረስ የሳብኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ «ልጓሙን እንዳትለቅ» ብለውኝ ነበር።

ለጌትነት ስነግረው «አፌን በቆረጠው!» አለና ሥዕሉን እያየ አብሮኝ ቆመ።

ከለቅሶው ወዲህ ፈረሱን ነክቼው አላውቅም። አሁን ቤት ገብቼ ለአባቴ «ነገ ውኃ የማጠጣው እኔ ነኝ» አልኩት። «እሺ ልጄ» ብቻ አለኝ።

ሰው የሞተባችሁ፣ ሐዘናችሁን ሰውነታችሁ ላይ የት አገኛችሁት? ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።