አርባውንም ጥያቄ አምስት ያለችው ሴት

በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ያለው ክሊኒካችን ውስጥ፣ ሕንድ አገር የተማረው ሐኪም ያመጣው ኮምፒውተር የሰው አእምሮ ይመረምራል። በጥንቱ የሕንድ ሕክምና የሰውን ጠባይ ነፋስ፣ እሳት ወይም ውሃ ብሎ ይመድባል፤ በቡድሃ ትምህርት ደግሞ ልቡ ከምን እንደተጣበቀ ይለካል። እኔ ጥያቄውን አስተረጉማለሁ፣ መልሱን እመዘግባለሁ።

ሴትዮዋ እዚሁ ከተማ፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር የቤት ሠራተኛ ናት። ወንድሟ በሊቢያ መንገድ ሞቶባት፣ ለቅሶ ለመቀመጥ ሦስት ቀን ፈቃድ ብትጠይቅ ማዳሟ «ማዘንሽን ኮምፒውተሩ ይመስክር» ብላ ላከቻት። ቢጫ ሻሿ በደንብ ታጥቧል። በእጇ የተጠቀለለ አሮጌ የስልክ ቻርጀር ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ እንድታኖረው ብነግራት «የሱ ነው» ብላ ያዘችው።

«እንቅልፍሽስ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«በቁጥር ንገሪኝ። አንድ መጥፎ ነው፣ አምስት ደህና።»

«አምስት ነዋ፣ ጋሼ። አላህን ላማርር እንዴ?»

አርባውንም ጥያቄ አምስት አለች። ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ስለምል፣ አላረምኳትም።

ወረቀቱ ታትሞ ወጣ፦ «ነፋሷ የረጋ፤ ከምንም ነገር ያልተጣበቀች። እረፍት አያስፈልጋትም።» ሐኪሙ ሕንድ በኖረባቸው ስምንት ዓመታት እንዲህ ያለ ውጤት ያየው በአንድ ሽማግሌ መነኩሴ ላይ ብቻ ነበር። ተነሥቶ፣ መዳፎቹን አጋጥሞ እጅ ነሣት።

በሩ ላይ ደረስኩባት። «ስለ ወንድምሽ ለምን አልነገርሽውም?»

ቻርጀሩን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች።

«ማን ሞተብሽ አላለኝም፣ ጋሼ። እንዴት ነሽ ነው ያለኝ።»